ሁለት ማንኪያ ስንዴ በኩንታል ጤፍ

መቀሌን ከላይ ሆኖ የሚያየው የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው በውኃ ነው። በ1888 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራው የኢጣሊያ ጦር በዚያ ምሽግ ውስጥ ተከቦ ሲዋጋ፣ መድፍና ጀግንነት ያልፈታውን የፈታው እቴጌ ጣይቱ ከምሽጉ ውጭ ያሉትን ምንጮች ማስያዛቸው ነበር፤ ጠላት በውኃ ጥም ተሸንፎ ምሽጉን ለቀቀ። ይህን ያልሰማ ተማሪ አይገኝም። እንዳ ኢየሱስ ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. በዚህ ስም ከመቋቋሙ በፊት ደግሞ አንዱ ሥሩ የደረቅ አካባቢ ግብርና ኮሌጅ ነበር። ስለዚህ ስፍራው ከውኃው ቀጥሎ የእህልም ጉዳይ ይመለከተዋል። እዚህ የሚነሣው ጥያቄ በእህል ታሪካችን ውስጥ እምብዛም ያልተነካ ነው፦ ስንዴና ገብስ ለሚጎዱት ሰው የዚህ አገር ማዕድ ምን ዓይነት ማዕድ ነበር? አሁንስ ምን ሆኗል?

በሽታው ሴሊያክ ይባላል። ግሉተን ሊጥን የሚያለጥጠውና ዳቦን የሚያስነሣው የስንዴ ፕሮቲን ነው፤ ገብስና ራይ የሚባለው የአውሮፓ እህልም የዚሁ ዘመድ የሆነ ፕሮቲን አላቸው። በተፈጥሮው ለበሽታው የተጋለጠ ሰው ይህን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ተሳስቶ የገዛ አንጀቱን ያጠቃል። ምግብ የሚመጥጠው የአንጀት ገጽ ይላጣል፤ ሰውየው እየበላ ይከሳል፣ ደም ያንሰዋል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ልጅ ከሆነም ይቀጭጫል። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም፤ ሕክምናው ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ጊ በ1888 እ.ኤ.አ. ስለ በሽታው ባሳተመው ጽሑፍ መፍትሔው ከምግብ እንደሚመጣ ገምቶ ነበር፤ ጥፋተኛው የትኛው ምግብ እንደሆነ ግን አልደረሰበትም። የደረሰበት የኔዘርላንዱ የሕፃናት ሐኪም ዊለም ዲከ ነው። ከ1944 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. በነበረው ክረምት አገሩ በጀርመን ወረራ ሥር ሆኖ ዳቦ ጠፍቶ ሕዝብ ሲራብ፣ የሴሊያክ ሕመምተኛ ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም አብሮ ተመለሰ። ዲከ ከጦርነቱ በፊትም ስንዴን ይጠረጥር ነበርና ረሀቡ ጥርጣሬውን አጠናከረለት፤ በ1950 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጽሑፉን በዚሁ ላይ አቀረበ። የበሽታው ምሥጢር የተገለጠው በረሀብና ከረሀብ በኋላ በመጣ ዳቦ መካከል መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ የትግራይን ታሪክ ስናነሣ እንፈልገዋለን።

ከዚያ ወዲህ አውሮፓና አሜሪካ ለችግሩ የሰጡት ዋና መልስ የማሸጊያ ጽሑፍ ነው። ኮዴክስ የተባለው የዓለም የምግብ ደረጃዎች ኮሚሽን በ1979 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በ2008 ባሻሻለው ደረጃ መሠረት «ከግሉተን ነፃ» የሚባል ምግብ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። በሽታው እንዳለበት የተነገረው ሰው መጀመሪያ የሚያስፈራው በፓኬቱ ጀርባ የተደረደረው የተጨማሪ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ነው፤ ፍርሃቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን ይስታል። ዛንታን ጋም፣ ጓር ጋም፣ ሌሲቲን፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ቤኪንግ ሶዳ ስማቸው ኬሚካል ኬሚካል ይሽተት እንጂ ከግሉተን ጋር ጉዳይ የላቸውም። ሞኖሶዲየም ግሉታሜት የሚባለው ማጣፈጫም ዛሬ የሚሠራው ከስኳር ወይም ከስታርች በማፍላት ስለሆነ በዚህ በኩል አያሰጋም። በእርግጥ ጥርጣሬው ከባዶ አልተነሣም፤ በ1909 እ.ኤ.አ. በጃፓን በፋብሪካ ማምረት ሲጀመር ጥሬ ዕቃው ራሱ የስንዴ ግሉተን ነበር። ማልቶዴክስትሪንና ግሉኮስ ሽሮፕም አያሰጉም፤ ከስንዴ ቢሠሩ እንኳ በማጣራቱ ሂደት ግሉተናቸው እጅግ ስለሚቀንስ የአውሮፓ ሕግ «ስንዴ አለበት» ተብሎ እንዲጻፍባቸው አያስገድድም። ሊፈሩ የሚገባቸው ሌሎች ናቸው፦ ብቅልና የብቅል ጭማቂ፣ አብዛኛው የአኩሪ አተር ሶስ፣ ከምን እንደተሠራ ያልተገለጸ ስታርች፣ የስንዴ ዱቄት ማወፈሪያ የገባበት የሾርባ ቅመም፣ ስታርቹ የስንዴ የሆነ ቤኪንግ ፓውደር። ብቅልን በተመለከተ የአሜሪካም ሕግ ቀዳዳ አለው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የአለርጂ ሕግ ስንዴ በስሙ እንዲጠራ ያስገድዳል እንጂ ገብስን አይጠቅስም። ይህን ያህል ያወቀ ሰው በአንድ የውጭ አገር ሱፐርማርኬት ውስጥ ሳይጨነቅ ይገበያያል።

መቀሌ ገበያ ውስጥ ግን ይህ እውቀት ብዙ አያራምደውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አብዛኛው ምግባችን ከማሳ ወደ ወፍጮ፣ ከወፍጮ ወደ ምጣድ የሚሄደው አንድም ፓኬት ሳይነካው ነው። ጽሑፍ የሌለበትን ምግብ በጽሑፍ መለየት አይቻልም። ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ማስረጃው ግን ወደዚያው ይመራኛል። በዚህ አገር ሴሊያክ ያለበት ሰው መጀመሪያ ለይቶ ሊያውቀው የሚገባው «ተጨማሪ ንጥረ ነገር» በቁጥር የተመዘገበ ኬሚካል አይደለም። እህል ላይ የሚጨመር ሌላ እህል ነው። የማደባለቅና የማብቃቃት ልማድ ከፋብሪካ በፊት የነበረ፣ በብልሃትና በድህነት የተሠራ፣ ምንም ዓይነት ማሸጊያ የማይመዘግበው ነው። ስለዚህ ምግቡን ለመለየት የምግቡን ታሪክ ማወቅ ግድ ይላል።

ከማሳው እንነሣ። መቀሌ ባለችበት በእንደርታና በሰሜኑ ደጋ ገበሬው ሓንፈጽ የሚለው አዘራር አለ፤ ገብስና ስንዴ አንድ ላይ ተቀላቅለው ይዘራሉ፣ አብረው ይታጨዳሉ፣ አብረው ይወቃሉ። በኤርትራ ደጋም ያው ነው። ብልሃቱ የዝናብ ነው፤ ዝናቡ ቀድሞ ቢወጣ ገብሱ ይደርሳል፣ ዓመቱ ከሰመረ ስንዴው ምርቱን ያበዛዋል፤ ገበሬው ከሁለት አንዱን እንደማያጣ ያውቃል። የግብርና ተመራማሪዎች ሓንፈጽ ሁለቱን ለየብቻ ከመዝራት የተሻለ ምርት እንደሚሰጥ በሙከራ አሳይተዋል፤ ከእሱ የሚጋገረው ሕምባሻና የሚጠመቀው ስዋም የተወደደ ነው። ይህን ልማድ የሚነቅፍ ቢኖር የዝናብ እጥረት የማያውቅ ሰው ነው። ለሴሊያክ ሕመምተኛ ግን ሓንፈጽ ሁለቱም ጠላቶቹ አንድ ጆንያ ውስጥ የተቀመጡበት እህል ነው፤ «ገብስ ነው እንጂ ስንዴ አይደለም» ማለትም፣ «ስንዴ ነው እንጂ ገብስ የለበትም» ማለትም አያድነውም። በአንጻሩ ሰርገኛ ጤፍ፣ ማለትም ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት፣ ወይም ጤፍ ከዳጉሳ ወይም ከማሽላ ጋር ሲደባለቅ አንዳች አያደርገውም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በመደባለቅ ላይ መጫን ስህተት ይሆናል፤ ጥያቄው ከምን ጋር ተደባለቀ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይመጣል፦ እኛ የጤፍ ሕዝብ ነን፤ ግሉተን የነጮች ጣጣ ነው። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። የአክሱም ነገሥታት ባስቀረጿቸው የወርቅ ሳንቲሞች ላይ የንጉሡን ምስል በግራና በቀኝ ያጀቡት ሁለት የእህል ዛላዎች የስንዴ ወይም የገብስ ናቸው፤ ጤፍ በሳንቲሙ ላይ የለም። በአክሱም በተደረጉ ቁፋሮዎች ከጤፍ ጋር ስንዴ፣ ገብስና ምስር ተገኝተዋል። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. በትግራይ በኩል ያለፈው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጤፍንና ዳጉሳን ከሌሎች እህሎች ጋር ጠቅሷቸዋል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ማዕድ ብንቆጥር ደግሞ የገብስና የስንዴ ሥልጣን ይበልጥ ይታያል። ሕምባሻ ስንዴ ነው። ጥሕሎ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው። በሶ ገብስ ነው፣ የመንገደኛ ስንቅም ነው። የስዋ ብቅል አንድ ቦታ ገብስ፣ ሌላ ቦታ ዳጉሳ ይሆናል፤ በአማራ አገር ጠላም ከዚህ ብዙ አይለይም። ለአራስ የሚዘጋጀው ገዓት፣ አማርኛው ገንፎ የሚለው፣ በብዙ ቤት ገብስ ነው። ይህን የመጨረሻውን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ሳይታወቅባት ሴሊያክ ኖሮባት ደሟ ያነሰ እናት ብትኖር ኖሮ፣ ዘመዶቿ በፍቅር እያገነፉ የሚያበሏት ያንኑ የሚጎዳትን ነበር ማለት ነው። በድግስ ቤት ያለ ሥጋት ሊጠጣ የሚችለው ሜስ፣ አማርኛው ጠጅ የሚለው፣ ነው፤ ማርና ጌሾ ብቻ ከሆነ እህል አይነካውም።

የቤተ ክርስቲያኑም ጉዳይ አብሮ ይነሣል። በእንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ በሌላ ደብር፣ በቤተ ልሔም የሚዘጋጀው ኅብስት ከስንዴ ነው፤ ሥርዓቱ ሌላ አይቀበልም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦላት በ2017 እ.ኤ.አ. በጻፈችው ደብዳቤ ግሉተኑ የተቀነሰ የስንዴ ኅብስት ይፈቀዳል፣ ግሉተን ጨርሶ የሌለበት ግን አይሆንም ብላለች። በእኛ ዘንድ ይህ የሊቃውንትና የንስሐ አባት ጉዳይ ነውና እዚህ መፍረድ አይገባኝም፤ ሕመምተኛው ግን ዝም ብሎ ከመራቅ ወይም ዝም ብሎ ከመታመም ለንስሐ አባቱ ቢነግር ይሻለዋል።

ከማዕዱ ወደ ወፍጮ ስንሻገር ነገሩ ጠበቅ ይላል፤ እኔ ከሁሉ በላይ የማተኩረውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ኩንታል የጤፍ ዱቄት እንውሰድ። የኮዴክስ ወሰን በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ነውና ለኩንታሉ የሚፈቀደው ግሉተን 2 ግራም ይሆናል። የስንዴ ዱቄት ከክብደቱ ወደ አሥር በመቶ የሚሆነው ግሉተን ነው። ስለዚህ 20 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ኩንታሉን ከወሰኑ ጫፍ ያደርሰዋል። አሁን ስንዴ ፈጭቶ የጨረሰ ወፍጮ በጉሮሮው፣ በድንጋዩ ጥርስና በመውጫው ጨርቅ ላይ ምን ያህል ዱቄት እንደሚያስቀር ማሰብ ነው። ሁለት ማንኪያ ቢሆን በጎ ነበር። በጣሊያን የተደረገ ጥናት በ2007 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው በቀን 50 ሚሊ ግራም ግሉተን ለሦስት ወር መውሰድ የሕመምተኛን አንጀት ለመጉዳት ይበቃል፤ ይህም ግማሽ ግራም የስንዴ ዱቄት ነው። እንጀራን በቀን ሦስት ጊዜ ለሚበላ ሰው ወሰኑ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ወፍጮ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በእጅ የሚፈጨው የድንጋይ ወፍጮ በየቤቱ ሲኖር ያው ድንጋይ ጤፉንም ገብሱንም ይፈጭ ነበርና ያለፈው ዘመን ንጹሕ ነበር ብሎ መመኘት ከንቱ ነው። ነገር ግን የምትፈጨው ሴት ቀድሞ በድንጋዩ ላይ ምን እንደነበረ ታውቃለች፤ ብትፈልግ ትጠርገዋለች፣ ሰው ቢጠይቃት ትነግረዋለች። የሞተር ወፍጮ የሴቶችን ጉልበት አሳርፏል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው፣ ማንም ወደ ኋላ እንመለስ ሊል አይገባም። ከጉልበቱ ጋር ግን ያን እውቀት ወሰደው። ወረፋ ውስጥ ከፊትህ ያለው ሰው ምን እንዳስፈጨ አታውቅም፤ ዱቄት ገዝተህ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ምንም አታውቅም። ለዚህ ነው ጤፍን በዱቄት ሳይሆን በእህሉ መግዛት ለሕመምተኛው ግዴታ የሚሆነው። ተፈጥሮም ታግዘዋለች፤ ሺህ ፍሬ ጤፍ ሚዛን ላይ ቢወጣ ግራም አይሞላም፣ ሺህ ፍሬ ስንዴ ግን ከሠላሳ ግራም ይበልጣል። ከአውድማ የተቀላቀለ ስንዴና ገብስ በጥሩ ወንፊት ላይ ይቀራል፤ ስባሪና አቧራ ሊያልፍ ቢችልም ዋናው ይወገዳል። አንዴ ከተፈጨ በኋላ ግን የሚለየው ወንፊት የለም።

እርሾውም መረሳት የለበትም። እንጀራ የሚቦካው ካለፈው ሊጥ በተረፈው ነው፤ ያለፈው ሊጥ ገብስ ወይም ስንዴ ከነበረበት ያ እርሾ ወደ አዲሱ ይገባል፤ መቡካቱም ግሉተኑን አያጠፋውም። ከጎረቤት የተዋሱት እርሾ እንዲሁ ነው። ምጣዱም ቅጫና ሕምባሻ የሚጋገርበት ከሆነ ያው ነው።

ከከተማው ታሪክ የሚጨመረው ስንዴው እንዴት እንደበዛ ነው። የኢጣሊያ ጦር በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ዳግም መጥቶ መቀሌን ያዘ፤ በወረራው ዘመን በከተሞች ፓስታ፣ ማካሮኒና የፉርኖ ዳቦ ተስፋፉ፤ ወራሪው ወጣ፣ ማካሮኒው ቀረ። ከዚያ ፋፋ መጣ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በስዊድን ድጋፍ የተዘጋጀው ይህ የሕፃናት ምግብ ስንዴ፣ ሽንብራ፣ አኩሪ አተርና የወተት ዱቄት ነበረው። ብዙ ሕፃናትን አትርፏል፤ ስንዴ ለማይስማማው ሕፃን ግን ማሟያ ሊሆን አይችልም ነበር። ትልቁ ለውጥ የ1977 ዓ.ም. ረሀብ ነው። ቢቢሲ በጥቅምት ወር ለዓለም ያሳየው የቆረምና የመቀሌ መጠለያ በእርዳታ ስንዴ ቆመ። ከዚያ በኋላ በ1997 ዓ.ም. በጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም፣ በ2013 ዓ.ም. በጀመረው ጦርነትም የቤተሰቡ ቀለብ በአብዛኛው በጆንያ የመጣ ስንዴ ሆነ። የተራበ ሰው የእርዳታውን ስንዴ ከጥቂት ጤፍ ጋር አስፈጭቶ እንጀራ ቢጋግር ማን ይፈርድበታል? ሆኖም በዚህ መንገድ ስንዴ ያልነበረበት እንጀራ ስንዴ ገባበት፤ ማንም አልመዘገበውም።

በዚህ ላይ ትምህርት የሚሆነን ሌላ ሕዝብ አለ። የምዕራብ ሰሐራ ሰዎች ለዘመናት በግመል ወተት፣ በሥጋና በተምር ይኖሩ ነበር። በስፔን ቅኝ ግዛትና በኋላ በስደተኛ ካምፕ እርዳታ ምግባቸው ወደ ስንዴ ዞረ። የጣሊያን ሐኪሞች በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከሰሐራዊ ሕፃናት መካከል 5.6 በመቶው ሴሊያክ ተገኘባቸው፤ በአውሮፓ ወደ አንድ በመቶ በሚጠጋበት ዓለም ይህ እጅግ ከፍተኛ ነው። ትግራይም እንዲያ ናት እያልኩ አይደለም፤ የሰሐራዊዎቹ የዘር ተጋላጭነት የራሱ ድርሻ አለው፣ የእኛ ደጋ ደግሞ ከጥንት ስንዴና ገብስ ያውቃል። የምለው አንድ ሕዝብ በእርዳታ ምግቡን ሲቀይር የተደበቀ በሽታ ሊወጣ እንደሚችል ነው፤ ካልፈለጉት ግን ከተራ ተቅማጥና ከምግብ እጥረት አይለይም። የተጎዳ ሕፃን በኦቾሎኒ የተሠራ አልሚ ምግብ ተሰጥቶት ሲያገግም፣ ወደ ስንዴ ብስኩት ሲመለስ ሲደክም፣ ሰው «እንደገና ተራበ» ይላል። የዲከ ታሪክ የሚያስተምረው ሌላ ጥያቄ መጠየቅ እንደሚገባ ነው።

«በሽታው ብርቅ ነው፤ ገና ከጦርነት የወጣ ሕዝብ ስለ ግሉተን ማሰብ ቅንጦት ነው» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። በኦሮሚያ በሕፃናትና በነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገ የደም ምርመራ የበሽታው ምልክት የታየባቸው ጥቂት መሆናቸውን አመልክቷል፤ ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ። ለእነዚህ ሰዎች የሚያስፈልገው ደግሞ የውጭ ምንዛሪ የሚበላ መድኃኒት አይደለም። ሕክምናቸው የአገራቸው እህል ነው። ቅንጦት የሚሆነው በዶላር የተገዛ «ከግሉተን ነፃ» ብስኩት ነው፤ ጤፍና ማሽላ ባለበት አገር እሱን ማሳደድ አያስፈልግም።

ሌላው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል፦ የድሮው ምግብ ንጹሕ ነው፣ መርዙ የፋብሪካው ነው ይላል። ከላይ የቆጠርነው ሁሉ ይህን ያፈርሰዋል። የቤት ሽሮ ከፓኬት ሽሮ የሚበልጠው የጎረቤት ገብስ ካልነካው ነው። በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ እንጀራ ውስጥ ጀሶና ሰጋቱራ ሲቀላቅሉ ሰዎች መያዛቸው ይታወቃል፤ ወንጀል ነው፣ አንጀትም ይጎዳል፣ ግን ጀሶ ግሉተን የለውም። ሰው በክፋት ከጨመረው ይልቅ እናት በደግነት የጨመረችው አንድ ጭልፋ ገብስ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ይብሳል። የተጨማሪ ነገር ክፋቱ የሚለካው በጨማሪው አሳብ ሳይሆን በውስጡ ባለው ነው።

ጤፍ ራሱ በዓለም ፊት የተመሰከረለት ከዚህ አገር ውጭ መሆኑ ያስገርማል። በኔዘርላንድ ላይደን የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ጤፍ የሴሊያክ ሕመምተኞችን መከላከያ ሕዋስ እንደማይቀሰቅስ አሳተሙ። በዚያው ዘመን አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን በፓተንት አስመዝግቦ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም. በኔዘርላንድ ያለውን ፓተንት ውድቅ አደረገው። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስታግድ፣ ባሕር ማዶ ያለው ወገናችን በአይዳሆ የተዘራውን ጤፍ ያገኘ በልቶ፣ ያላገኘ በስንዴ ዱቄት ወይም በገብስ አብቃቅቶ ጋገረ። ዛሬም በዋሽንግተን ያለ ብዙ ምግብ ቤት የሚያቀርበው እንጀራ ንጹሕ ጤፍ አይደለም። አሜሪካዊው ደንበኛ ግን «እንጀራ ከግሉተን ነፃ ነው» የሚለውን አንብቦ ይመጣል። ሁለት እውነቶች ሳይገናኙ ቀሩ፤ እህሉ ነፃ ነው፣ እንጀራው ግን የጋጋሪው ነው።

ለመፍትሔው የሚያስፈልገው ልማድ ከእኛው ዘንድ አለ። ብዙ ወፍጮ ቤት በርበሬን ከእህል ለይቶ ይፈጫል፤ አለዚያ የሕፃኑ ገንፎ ያቃጥላል። የጾምና የፍስክ ድስት የሚለዩ ቤተሰቦችም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ መለየት ለሕዝቡ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ የጎደለው አንድ ምክንያት ብቻ ነው። በመቀሌ አንድ ወፍጮ ቤት አንድ ድንጋይ ለጤፍና ለማሽላ ብቻ ቢመድብ፣ ስንዴም ገብስም ሓንፈጽም እንዳይነካው ቢያደርግ፣ ለከተማው ሕመምተኞች በሙሉ ይበቃል። በእንዳ ኢየሱስ ግቢ የእህል ትምህርት የሚያስተምሩ ሰዎች የዚያን ወፍጮ ዱቄት በየጊዜው ቢመረምሩ የኮዴክስ 20 ሚሊ ግራም በመጽሐፍ ብቻ የሚኖር ቁጥር መሆኑ ይቀራል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ያለው አገር «ገብስ» የሚለው ቃል በሾርባ ቅመምና በሽሮ ፓኬት ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ማስገደድም አያቅተውም።

አንድ ነገር ደግሞ ለአንባቢ፦ ይህን አንብባችሁ ራሳችሁን ከጠረጠራችሁ ስንዴና ገብስ ከማቆማችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ የደም ምርመራ አስደርጉ። መብላት ካቆማችሁ በኋላ የሚደረግ ምርመራ በሽታው እያለ እንኳ የለም ሊል ይችላል።